ከመጋረጃው ጀርባ ያለው ሰው፤ ተዋናዩ ሲያስከፋን ፊልሙን ምን እናድርገው?

የተዋናይ የግል ምግባርና የአደባባይ ንግግር የሥራውን ጣዕም ሲለውጠው ተመልካች ምን ያደርጋል? በሜልበርን የታዩ ሦስት ጉዳዮችና ከእኛው የኪነ ጥበብ ታሪክ የተወሰዱ ምሳሌዎች የሚያመላክቱት፣ ፍርድ ቤት የሚሰጠው ብይንና ተመልካች በልቡ የሚሰጠው ፍርድ አንድ አለመሆናቸውን ነው።

በኤፕሪል 2019 የሁለት ታዋቂ አውስትራሊያውያን የመድረክ ሰዎች ስም በአንድ ወር ውስጥ በሁለት ተቃራኒ ውሳኔዎች ተነሣ። ኤፕሪል 11 የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ የሜልበርን ነዋሪና የኦስካር ተሸላሚ ተዋናይ የሆኑት ጄፍሪ ራሽ ‹‹ዴይሊ ቴሌግራፍ›› በተሰኘው የሲድኒ ጋዜጣ ላይ የመሠረቱትን የስም ማጥፋት ክስ እንዳሸነፉ በየነ። በዚያው ወር የሜልበርን ዓለም አቀፍ የኮሜዲ ፌስቲቫል፣ በባሪ ሃምፍሪስ ስም ‹‹ባሪ›› እየተባለ ሲጠራ የኖረውን ታላቅ ሽልማቱን ስያሜ መለወጡን አስታወቀ። አንዱ ስሙ ተመለሰለት፤ የሌላው ስም ከሽልማት ላይ ተነሣ።

ሁለቱም ውሳኔዎች የሚያጠነጥኑት በአንድ ጥያቄ ላይ ነው። ከመድረክ ውጪ የተባለ ወይም ተደረገ የተባለ ነገር በመድረክ ላይ የምናየውን ሥራ ያበላሸዋልን? ጥያቄው ለዳኞችና ለፌስቲቫል አዘጋጆች ብቻ የሚተው አይደለም። ፉትስክሬይም ሆነ ኖብል ፓርክ፣ ዋሽንግተን ዲሲም ሆነ አዲስ አበባ፣ ከሥራ መልስ ዩቲዩብ ላይ የአማርኛ ድራማ የሚከፍት ሰው ሁሉ ‹‹እሱ ካለበትስ አላየውም›› ብሎ የሚያልፈው ተዋናይ አያጣም። ምክንያቱ ትወናው አይደለም፤ ተዋናዩ በቃለ ምልልስ የተናገረው፣ በፌስቡክ የጻፈው ወይም ስለ እሱ የተወራው ነው።

አራት የተቀላቀሉ ነገሮች

በዚህ ጉዳይ ላይ የሚነሣ ክርክር መቋጫ የሚያጣበት አንዱ ምክንያት አራት የተለያዩ ነገሮች በአንድነት ስለሚነሡ ነው። እነርሱም መደሰት፣ መክፈል፣ ማክበርና መከልከል ናቸው።

መደሰት በትእዛዝ የሚመጣ ነገር አይደለም። አንድ ሰው የሚወደው ተዋናይ በወንጀል መፈረዱን ከሰማ በኋላ የድሮ ፊልሙን ሲያይ ሣቁ ጉሮሮው ላይ ቢቀር፣ ‹‹ሥራውን ከሰውየው ለይተህ ተደሰት›› ቢሉት የሚፈይድለት የለም። በአንጻሩ አሁንም የሚያስቀውን ሰው ‹‹ልትስቅ አይገባህም›› ማለትም ሣቁን አያስቀረውም።

መክፈል ግን በፈቃድ የሚደረግ ተግባር ነው። ቲኬት መግዛት፣ የስትሪሚንግ አገልግሎት መመዝገብ፣ በዩቲዩብ ተከታይ መሆን ለተዋናዩ ገንዘብና ጉልበት ይሰጣሉ። ማክበር ደግሞ የጋራ ውሳኔ ነው፤ ሽልማት በስሙ መሰየም፣ ሐውልት ማቆም፣ በማኅበረሰብ በዓል ላይ የክብር እንግዳ አድርጎ መጥራት በግል ምርጫ ብቻ የሚቋጩ አይደሉም። መከልከል ከሁሉም የከበደው ነው፤ ሌሎች ሰዎች ሥራውን እንዳያዩ በር መዝጋት ነው።

‹‹ይህን ሰው ከእንግዲህ አላየውም›› የሚል ሰው ስለ ደስታው እየተናገረ ሊሆን ይችላል። ሰሚው ግን መከልከልን ፈልጎ ነው ብሎ ይረዳዋል። ‹‹ሥራውና ሰውየው ይለያያሉ›› የሚለው ደግሞ ስለ ጥበብ ሲናገር፣ ክብር እንዲቀጥል የሚሟገት መስሎ ይታያል። ሁለቱም አንድ ቃል እየተጠቀሙ ስለ ሁለት ነገር ይከራከራሉ።

ሥዕል ያለ ሠዓሊው ይሰቀላል፤ ተዋናይ ግን ራሱ ሥዕሉ ነው

ሥራን ከሠሪው መለየት በሁሉም የጥበብ ዘርፍ እኩል አይቀልም። የሞተ ሠዓሊ ሥዕል በግድግዳ ላይ ሲሰቀል ሠዓሊው አብሮ አይታይም። የመጽሐፍ ደራሲም ከገጾቹ በስተጀርባ ነው። ተዋናይ ግን የሚሠራበት ቁስ የገዛ ፊቱ፣ ድምፁና አካሉ ነው። በዜና ያየነው ፊት በፊልሙ ውስጥ የምናየው ያው ፊት ነው። ስለዚህ ተመልካች በገጸ ባህሪው ላይ ዓይኑን ሊያኖር ሲሞክር ሰውየው ጣልቃ ይገባበታል።

በ1956 ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ምሁራን፣ የቴሌቪዥን ተመልካች በስክሪን ከሚያየው ሰው ጋር የሚመሠርተውን የአንድ ወገን ቅርበት አጥንተው ስም ሰጥተውታል። ተመልካቹ ሰውየውን እንደሚያውቀው ይሰማዋል፤ ሰውየው ግን ተመልካቹን ከነመፈጠሩም አያውቀውም። ይህ ቅርበት ባለበት የሚደርስ ቅያሜ በማያውቁት ሰው ላይ እንደሚያድር ቅያሜ ቀላል አይሆንም፤ የቤተ ዘመድ ቅያሜ ይመስላል።

የነገሩ ግልባጭም አለ። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ይተላለፍ የነበረው ‹‹ሰው ለሰው›› ድራማ ላይ አበበ ባልቻ የተጫወቱት አስናቀ የተባለ ክፉ ገጸ ባህሪ ስሙ በየቤቱ የሚነሣ ሆኖ ነበር። ክፉ ገጸ ባህሪን አሳምኖ የተጫወተ ተዋናይ በየመንገዱ የቁጣ ዓይን ቢገጥመው በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በዚያ ጊዜ ገጸ ባህሪው ወደ ሰውየው ይሻገራል። ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ደግሞ ሰውየው ወደ ገጸ ባህሪው ሲሻገር ነው። በሁለቱም መካከል ያለው አጥር ያን ያህል ጠንካራ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ፍርድ ቤት ስም ሲመልስ

ጄፍሪ ራሽ የፒያኖ ተጫዋቹን ዴቪድ ሄልፍጎትን ሕይወት በሚተርከው ‹‹ሻይን›› በተሰኘው የ1996 ፊልም ኦስካር የተቀበሉ፣ በ2012 የዓመቱ አውስትራሊያዊ ተብለው የተሰየሙ ተዋናይ ናቸው። በኖቬምበር 30 እና በዲሴምበር 1፣ 2017 ‹‹ዴይሊ ቴሌግራፍ›› በሲድኒ ቲያትር ካምፓኒ በተዘጋጀው ‹‹ኪንግ ሊር›› ተውኔት ወቅት በአንዲት የሥራ ባልደረባቸው ላይ ያልተገባ ጠባይ አሳይተዋል የሚል ይዘት ያላቸው ዘገባዎችን አተመ። ተዋናዩ ክሱን አስተባበሉ። በወቅቱ ይመሩት ከነበረው የአውስትራሊያ የሲኒማና የቴሌቪዥን አካዳሚ የፕሬዚዳንትነት ሥፍራም ለቀቁ። በ2018 ደግሞ በሜልበርን ቲያትር ካምፓኒ ሊጫወቱበት ከነበረው ‹‹ትዌልፍዝ ናይት›› የሼክስፒር ተውኔት ራሳቸውን አገለሉ።

ዳኛ ማይክል ዊግኒ ጋዜጣው የዘገባውን እውነትነት ማስረዳት እንዳልቻለ ደምድመው፣ አዘጋገቡን ኃላፊነት የጎደለውና ስሜት ቀስቃሽ ሲሉ ተቹ። ካሣው በድምሩ ወደ 2.9 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ጋዜጣው ያቀረበው ይግባኝም በጁላይ 2020 ውድቅ ሆነ።

በሕግ ዓይን ነገሩ በዚህ ተቋጨ። በተመልካች ዓይን ግን ሁለት ጥያቄዎች ቀሩ። አንደኛው፣ ያለ ማስረጃ በታተመ ዘገባ ምክንያት ተዋናዩን በልቡ የፈረደበት ሰው፣ ፍርድ ቤት ስሙን ከመለሰ በኋላ የሚያደርገው ምንድን ነው? ሁለተኛው፣ ባልደረባቸው የነበሩት ተዋናይት ጉዳዩን በራሳቸው ፈቃድ ወደ ጋዜጣ አለመውሰዳቸው ነው። ሌሎች በከፈቱት ክርክር ውስጥ ገብተው በሕዝብ ፊት ለመመስከር ተገደዱ። ስለ አንድ ዝነኛ ሰው በሚናፈስ ወሬ የሚጎዳው ዝነኛው ብቻ አይደለም። ተጎዳች የተባለችውም ሴት ታሪኳን በራሷ ጊዜና በራሷ ቃል የመናገር መብቷን ልታጣ ትችላለች።

ነጻ መባልና የጠፋው ሥራ

ሁለተኛው ጉዳይ የተዳኘው እዚሁ ሜልበርን ነው። ክሬግ ማክላክለን በሜልበርን ይቀረጽ በነበረው ‹‹ኔይበርስ›› ድራማ የታወቁ፣ በኋላም ባላራት ከተማን መቼቱ ባደረገው ‹‹ዘ ዶክተር ብሌክ ሚስትሪስ›› በተሰኘው የኤቢሲ ተከታታይ ድራማ መሪ ተዋናይ የነበሩ ናቸው። በጃኑዋሪ 2018 የፌርፋክስ ጋዜጦችና ኤቢሲ በ2014 ‹‹ዘ ሮኪ ሆረር ሾው›› የሙዚቃ ተውኔት ወቅት በሴት ባልደረቦቻቸው ላይ ፈጽመዋቸዋል የተባሉ ድርጊቶችን ዘገቡ። ተዋናዩ በጽኑ ካዱ። በኋላም በወንጀል ተከሰሱ።

የሜልበርን ማጂስትሬት ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2020 ከቀረቡባቸው 13 ክሶች ሁሉ ነጻ አላቸው። ማጂስትሬት ቤሊንዳ ዋሊንግተን ውሳኔውን ሲሰጡ ከሳሾቹን ውሸታሞች አላሏቸውም፤ ይልቁንም ደፋርና ሐቀኛ ምስክሮች መሆናቸውን ተናግረዋል። ችግሩ ያለው የማስረጃው መመዘኛ ላይ ነበር። የተሠራበት በ2014 የነበረው ሕግ ሲሆን፣ ቪክቶሪያ ስለ ፈቃደኝነት የሚደነግገውን ሕጓን በ2015 ለውጣለች። ተዋናዩ በበኩላቸው በመገናኛ ብዙኃኑ ላይ መሥርተውት የነበረውን የስም ማጥፋት ክስ በ2022 አቋርጠዋል።

እንዲህ ያለው ውሳኔ ለሁለቱም ጽንፍ አይመችም። ‹‹ነጻ ወጥቷልና ነገሩ ሁሉ ውሸት ነበር›› ለሚለውም፣ ‹‹ምስክሮቹ ታምነዋልና ጥፋተኛ ነው›› ለሚለውም መልሱ ያው ነው። የወንጀል ፍርድ ቤት የሚመልሰው ጥያቄ ክሱ ከበቂ ጥርጣሬ በላይ ተረጋግጧል ወይስ አልተረጋገጠም የሚለውን ነው። ተመልካች ‹‹ይህን ተዋናይ ልይ ወይስ አልይ?›› ብሎ ለሚጠይቀው ጥያቄ ፍርድ ቤት መልስ የመስጠት ሥልጣንም ፍላጎትም የለውም። ሆኖም ተመልካች በግል የሚወስነው ውሳኔ፣ ‹‹ወንጀለኛ ነው›› ብሎ በአደባባይ እንዲናገር መብት አይሰጠውም።

ከዚህ ጉዳይ የሚገኝ ሌላ ትምህርት አለ። ሰቨን ኔትወርክ ‹‹ዶክተር ብሌክ››ን ሊቀጥል አቅዶ የነበረው ያለ መሪ ተዋናዩ ቀረ፤ በ2018 ማብቂያ የቀረበው ፊልም የዶክተሩን ሚስት የሚጫወቱትን ናዲን ጋርነርን ማዕከል አድርጎ ተሠራ፤ ከዚያ ወዲህ ድራማው አልቀጠለም። አንድ ድራማ ሲቋረጥ ሥራ የሚያጣው መሪው ተዋናይ ብቻ አይደለም። ልብስ ሰፊው፣ ካሜራ ባለሙያው፣ የመብራት ሠራተኛው፣ በአንድ ትዕይንት ብቅ ብሎ የሚጠፋው ወጣት ተዋናይ ሁሉ ድርሻቸውን ያጣሉ። ሆሊዉድ በ2017 ሌላ መንገድ ሞክሮ ነበር። ‹‹ኦል ዘ መኒ ኢን ዘ ዎርልድ›› የተባለው ፊልም ተጠናቆ ሳለ ኬቪን ስፔሲ ላይ ክስ ሲሰማ፣ የእሳቸው ክፍል በክሪስቶፈር ፕላመር ተተክቶ እንደገና ተቀረጸ። ፊልሙ ዳነ፤ የብዙዎች ድካም አልባከነም። ስፔሲ በ2023 ለንደን ላይ በቀረቡባቸው የወንጀል ክሶች ነጻ ተብለዋል፤ የተለወጠው ፊልም ግን እንደተለወጠ ቀርቷል።

ወንጀል የሌለበት ቅያሜ

ሦስተኛው ጉዳይ ከሁለቱ ይለያል፤ በወንጀል የተከሰሰ ሰው የለበትምና። ባሪ ሃምፍሪስ በ1934 ሜልበርን ተወልደው አድገዋል። በ1955 እዚሁ ሜልበርን መድረክ ላይ የፈጠሯት ኤድና ኤቨሬጅ የሙኒ ፖንድስ የቤት እመቤት ነበረች፤ ሠፈሩ ብዙ የአፍሪካ ቀንድ ተወላጆች ከሚኖሩበት ከፍሌሚንግተን የሚርቅ አይደለም። ኤድና በአምስት አሥርታት ውስጥ ‹‹ዴም›› ተብላ በዓለም መድረክ ነገሠች። ከተማዋም በስሟ መንገድ ሰይማለች፤ ዶክላንድስ ላይ ሐውልት አቁማለች። ሃምፍሪስ ፌስቲቫሉ በ1987 ሲመሠረትም ከደጋፊዎቹ አንዱ ነበሩ።

በ2016 እና በ2018 ሃምፍሪስ እንደ ኤድና ሳይሆን በራሳቸው ስም በሰጧቸው ቃለ ምልልሶች ስለ ጾታ ለውጥ የተናገሩት በርካታ ኮሜዲያንን አስቆጣ። ከተቺዎቹ መካከል በ2017 ‹‹ናኔት›› በተሰኘ ሥራቸው ያንኑ የባሪ ሽልማት ያሸነፉት ሐና ጋድስቢ ይገኙበታል። ‹‹ናኔት›› ራሱ ሥራን ከሠሪው የመለየትን ልማድ የሚሞግት ነው፤ ፒካሶ ከአሥራ ሰባት ዓመት ልጃገረድ ጋር የነበራቸውን ግንኙነት እያነሣ፣ ‹‹የጥበብ ታላቅነት ሁሉን ይሸፍናል›› የሚለውን አስተሳሰብ ይተቻል። በኤፕሪል 2019 ፌስቲቫሉ የሽልማቱን ስም ለወጠ።

ውሳኔው ከአራቱ ነገሮች የትኛውን እንደነካ ማስተዋል ይገባል። ፌስቲቫሉ ሰዎች በኤድና እንዳይስቁ አልከለከለም፤ የሃምፍሪስ ሥራዎችም አልታገዱም። የተነሣው የክብር ምልክት ነው። ደጋፊዎቻቸው ግን የሞያው አባት በገዛ ቤቱ ተዋረደ አሉ። ሃምፍሪስ በኤፕሪል 22፣ 2023 ሲድኒ ውስጥ ሲያርፉ የዚያው ዓመት ፌስቲቫል ሊጠናቀቅ አንድ ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። አዘጋጆቹ ለመታሰቢያቸው በቂ ነገር አላደረጉም በሚል ክርክሩ እንደገና አገረሸ። ብዙዎች ያኔ የተናገሩት ሁለቱን ነገር በአንድ ላይ ነበር፤ ሰውየው የአውስትራሊያን ኮሜዲ ፈጥረዋል፤ በመጨረሻ ዘመናቸው የተናገሩትም ሰዎችን ጎድቷል። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱ ሌላውን አይሠርዘውም።

ከዚህ ጋር የሮልፍ ሃሪስን ጉዳይ ማነጻጸር ይጠቅማል። በ2014 ለንደን ላይ በሕጻናትና በወጣት ሴቶች ላይ በፈጸሟቸው ጥቃቶች በ12 ክሶች ተፈርዶባቸው ታሰሩ፤ አንዱ ክስ በኋላ በይግባኝ ተሽሯል። የአውስትራሊያ የክብር ኒሻናቸው ተገፈፈ፤ ከሙዚቃው የክብር መዝገብም ስማቸው ወጣ። በዚያ ላይ ብዙም ክርክር አልተነሣም። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ አንደኛው የተረጋገጠ ወንጀል ነው፤ ሌላኛው አከራካሪ ንግግር። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ቅጣት መጠየቅ የወንጀልን ክብደት ያቀልላል።

አዝማሪውን መናቅ፣ ዘፈኑን መውደድ

‹‹ሰውየውና ሥራው ይለያያሉን?›› የሚለው ጥያቄ ከምዕራቡ ዓለም የመጣብን የሚመስለው ቢኖር የራሳችንን ታሪክ መለስ ብሎ ማየት ይገባዋል። ኢትዮጵያውያን ጥያቄውን ለዘመናት በተቃራኒው መንገድ ኖረውታል። አዝማሪ በሠርጉም በድግሱም ይፈለጋል፤ ማሲንቆው ካልተሰማ ድግሱ አይደምቅም፤ ግጥሙ ከአፍ ወደ አፍ ይሄዳል። ልጁን ለማጨት ሽማግሌ ሲልክ ግን ‹‹አዝማሪ›› የሚለው ቃል ስድብ ሆኖ ይመለስለታል። ሥራውን ከሰውየው ለይቶ መውደድ ማለት በዚህ መልኩ ሰውየውን ማዋረድ ነበር። ዘመናዊ ቲያትር ሲጀመርም ወላጆች ልጆቻቸው፣ በተለይም ሴት ልጆቻቸው፣ መድረክ ላይ እንዳይወጡ የተከላከሉት በዚሁ አስተሳሰብ ነው።

ሥልጣን ላይ ያለ ኃይል ግን አዝማሪን አቅልሎ አላየውም። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ከተደረገው የግድያ ሙከራ በኋላ ፋሺስቱ አስተዳደር አሳድዶ እንዲያጠፋቸው ካዘዘባቸው መካከል ጠንቋዮች፣ ባሕታውያንና አዝማሪዎች ነበሩ። ወራሪው የፈራው የአዝማሪውን ድምፅ ማማር ሳይሆን፣ ሰውየው በሚለው ነገር ሕዝቡ የሚያምነው መሆኑን ነው።

በእኛ ዘመን ደግሞ ሚዛኑ ተገላበጠ። አርቲስት የሚለው ስም ከፍ አለ፤ ከዘፋኙና ከተዋናዩ የሚጠበቀው ጥበብ ብቻ ሳይሆን የፖለቲካ አቋምም ሆነ። ‹‹ሻፍት ኢን አፍሪካ›› በተሰኘው የ1973 የሆሊዉድ ፊልም የተሳተፉት አንጋፋው ተዋናይ ደበበ እሸቱ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ከቅንጅት መሪዎች ጋር ታስረዋል፤ በ2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ደግሞ ዳግም ታስረዋል። ለአንዱ ተመልካች ይህ የአቋም ጽናት ማሳያ ሆኖ በመድረክ ላይ ያላቸውን ክብር አበዛው። ለሌላው ተዋናይ ከመድረኩ ወርዶ ፖለቲካ መግባት አልነበረበትም። ትወናው ያው ነው፤ የተለወጠው የተመልካቹ ዓይን ነው።

ከሁሉም ጎልቶ የሚታወቀው ምሳሌ ከትወና ሳይሆን ከሙዚቃ የመጣ ነው። በጃኑዋሪ 2014 የሄኒከን ንብረት የሆነው በደሌ ቢራ የድምፃዊ ቴዎድሮስ ካሣሁንን (ቴዲ አፍሮን) የኮንሰርት ጉዞ ስፖንሰር ለማድረግ የገባውን ስምምነት አቋረጠ። መነሻው የአፄ ምኒልክን ዘመቻዎች አስመልክቶ በአንድ መጽሔት ለድምፃዊው የተሰጠ ጥቅስ ነው። ድምፃዊው ‹‹አላልኩትም›› ብለው አስተባበሉ። በርካታ ኦሮሞዎች በማኅበራዊ ሚዲያ ቢራውን ላለመግዛት ዘመቻ ጀመሩ፤ ሌሎች ደግሞ ስምምነቱ በመቋረጡ በተራቸው ቢራውን ለመተው ዛቱ። የዜማው ጥራት በክርክሩ ውስጥ አልተነሣም። ክርክሩ ‹‹ይህ ድምፅ የማንን ታሪክ ያወድሳል? የማንንስ ቁስል ይነካል?›› የሚል ነበር።

በኖቬምበር 2020 በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ ይኸው ፈተና ይበልጥ ከበደ። በርካታ አርቲስቶች አቋማቸውን በአደባባይ ገለጹ፤ ዝም ያሉትም በዝምታቸው ተፈረጁ። ሜልበርን ውስጥ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ትግራዋዩ፣ ሐረሪውና ሌላውም በአንድ መንገድ ዳር ጎን ለጎን ምግብ ቤት ከፍቶ፣ በአንድ ባቡር ተሣፍሮ ይኖራል። ድሮ በአንድ ሳሎን ተሰብስበው በአንድ ኮሜዲ የሚስቁ ቤተሰቦችና ጎረቤቶች ዛሬ የአንዱን ተዋናይ ፊት ሲያዩ ቻናል የሚቀይሩ ሆነዋል። ዘመዱን በጦርነት ያጣ ሰው፣ ጦርነቱን ሲያወድስ ያየውን ፊት አይቶ መሳቅ ቢያቅተው ማንም ሊፈርድበት አይገባም። ሐዘን የኪነ ጥበብ ሂስ አይደለም፤ በክርክርም አይረታም።

ልዩነት ግን መኖር አለበት። አንድ ተዋናይ ከእኔ የተለየ ፓርቲ መደገፉ፣ ታሪክን እኔ በማላየው መንገድ ማየቱ አንድ ነገር ነው። ሰዎች በማንነታቸው እንዲገደሉ ወይም እንዲፈናቀሉ መቀስቀስ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ቅር ሊያሰኝ ይችላል፤ ሁለተኛው ግን በሕግም በሕሊናም ያስጠይቃል። ሁለቱን በአንድ ሚዛን መመዘን ለሐሳብ ልዩነት ቦታ ያሳጣል፤ ለእውነተኛው ቅስቀሳም መደበቂያ ይሆናል።

‹‹ሼር›› ከማድረግ በፊት

አውስትራሊያ ውስጥ የሚኖር አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ የሕግ ጉዳይም አለ። የራሽ ጉዳይ እንዳሳየው የስም ማጥፋት ሕግ በዚህ አገር ጠንካራ ነው። ቪክቶሪያን ጨምሮ በርካታ ግዛቶች ከጁላይ 1፣ 2021 ጀምሮ ሕጉን አሻሽለው፣ ከሳሽ ‹‹ከባድ ጉዳት›› መድረሱን እንዲያስረዳ ያስገድዳሉ፤ ለሕዝብ ጥቅም ለሚቀርብ ዘገባም መከላከያ ተጨምሯል። በሴፕቴምበር 2021 ግን የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ የፌስቡክ ገጽ የከፈቱ የመገናኛ ብዙኃን ሌሎች ሰዎች በገጻቸው ላይ ለሚጽፉት አስተያየት እንደ አሳታሚ ሊጠየቁ እንደሚችሉ ወስኗል። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ግዛቶች ይህንን ክፍል ቢያሻሽሉም፣ መሠረቱ አልተለወጠም። ስለ አንድ ተዋናይ ‹‹እንዲህ አድርጓል›› የሚል ያልተረጋገጠ ወሬ በማኅበር ገጽ ላይ መለጠፍ፣ በአማርኛ ስለተጻፈ ብቻ ከሕግ አያድንም። ‹‹ሥራውን አልወደውም፣ አላየውም›› ማለት አስተያየት ነው፤ ‹‹ወንጀል ሠርቷል›› ማለት ግን ማስረጃ የሚጠየቅበት ቃል ነው።

ለተመልካች የሚተው ፍርድ

ከሦስቱ የሜልበርን ጉዳዮችና ከራሳችን ታሪክ ተነሥቶ አንድ ደንብ ለሁሉም ማውጣት አይቻል ይሆናል። ራስን መጠየቅ ግን ይቻላል። የሰማሁት ነገር ተረጋግጧል ወይስ ተወርቷል? ወንጀል ነው ወይስ የሐሳብ ልዩነት? ከሥራው ጋር ይገናኛል ወይስ አይገናኝም? ልጆችን የሚወድ አባት ሆኖ የሚጫወት ሰው ሕጻናትን ሲበድል መገኘቱ፣ ያው ሰው ግብር ባለመክፈሉ ከሚያሳድረው ስሜት ይለያል፤ የመጀመሪያው የገጸ ባህሪውን ቃል ሁሉ ሐሰት ያደርገዋልና። የማደርገው ነገር ማንን ይጎዳል፣ ተዋናዩን ብቻ ወይስ አብረውት የደከሙትን ሁሉ?

የማኅበረሰብ ማኅበራትና የዝግጅት አዘጋጆች ደግሞ ተጨማሪ ጥያቄ አለባቸው። አንድን አርቲስት ከአገር ቤት ወይም ከአሜሪካ ጠርቶ መድረክ መስጠት መክፈል ብቻ አይደለም፤ ማክበርም ነው። በአዳራሹ ውስጥ የሚቀመጡት ሰዎች እነማን ናቸው? የማይመጡትስ ለምን አይመጡም? ይህን ቀድሞ መጠየቅ፣ ቲኬት ከተሸጠ በኋላ ከሚነሣ የስረዛ ጩኸት ይሻላል። ለአርቲስቱም ክብር ነው፤ ተጠርቶ ከመሰረዝ አለመጠራት ይቀላል።

ያየነውን ፊልም ዳግም ማየት ያቃተን ሰዎች በአንድ ወቅት የሰጠንን ደስታ መካድ አይጠበቅብንም። ያኔ የሣቅነው ሣቅ እውነተኛ ነበር፤ የጸሐፊው፣ የአዘጋጁ፣ የአብሮ ተዋንያኑም ሥራ ነበር። ዛሬ የከፋን መከፋትም እውነተኛ ነው። አጠገባችን ተቀምጦ አሁንም የሚስቀውን ሰው ጠላት አድርጎ መቁጠር ግን ከተዋናዩ ጋር ያለንን ቅያሜ ወደ ጎረቤታችን ማዛወር ነው። በየወሩ በሐዘንና በደስታ የምንፈላለግ ጥቂት ሰዎች በሰው አገር ስንኖር፣ ይህ ከየትኛውም ፊልም የሚበልጥ ኪሳራ ነው።